የአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የሥራ ዘመንና የዘመናዊ ሕንፃዎች ቅርስነት

ቅርስ ሲባል በቅድሚያ የሚታወሱት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ ቤተ መንግሥቶችና ሐውልቶች ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሲሚንቶ፣ በብረትና በመስታወት የተገነቡ ሕንፃዎችም የሀገር ታሪክ ምስክሮች በመሆናቸው ጥበቃ ይሻሉ። የአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራዎች ለዚህ ማሳያ ናቸው።

የሥራ መነሻ

ሜዜዲሚ እ.ኤ.አ. በ1922 በጣልያን ፖጂቦንሲ ከተማ ተወለዱ። በቅየሳና በግንባታ ሙያ የቴክኒክ ትምህርት ካጠናቀቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1940 በ18 ዓመታቸው ወደ አስመራ መጡ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተስፋፋው ዘመናዊ ኪነ ሕንፃ በዚያን ጊዜ በከተማዋ በስፋት ይታይ ነበር። ለአብነትም ጁሴፔ ፔታዚ የነደፉት የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራ ሲሆን፣ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ክንፎቹ ያለ ምሰሶ የቆሙ ናቸው። ወጣቱ ባለሙያ በዚህ አካባቢ ሥራ ጀምረው ከጌጥ ይልቅ አገልግሎትን፣ ግልጽ ቅርጽንና ብርሃንን የሚያስቀድመውን አሠራር አዳበሩ።

የአዲስ አበባ ሥራዎች

ከዋና ሥራዎቻቸው መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሰው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። በቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እንዲሆን የታነጸው ይህ ሕንፃ በ18 ወራት ተጠናቅቆ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በመግቢያው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የአርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ይገኛል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው።

በቸርችል ጎዳና አናት ላይ የሚገኘው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የእርሳቸው ንድፍ ነው። በሰዓት ማማው የሚታወቀው ይህ ሕንፃ ዛሬም በከተማ አስተዳደሩ አገልግሎት ላይ ይገኛል። ሜዜዲሚ ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ወደ ጣልያን ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2010 አረፉ።

ጥበቃና እድሳት

የአፍሪካ አዳራሽ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባጸደቀው ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በሚጠጋ በጀት ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። በእድሳቱ የመጀመሪያው ንድፍ ተጠብቆ ሕንፃው ከዘመኑ የደኅንነትና የቴክኖሎጂ መስፈርት ጋር እንዲጣጣም ተደርጓል። አስመራም በዘመናዊ ኪነ ሕንፃዋ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከእነዚህ አብነቶች መረዳት የሚቻለው አንድን ሕንፃ ቅርስነቱን ሳያጣ በአገልግሎት ላይ ማቆየት የሚቻል መሆኑን ነው። ያለ ጥናት የሚነሳ በር፣ መስኮት ወይም ደረጃ ግን በኋላ በገንዘብ አይመለስም።

ለዜጎች

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የጥገናና የእድሳት ሥራ ከመከናወኑ በፊት የሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊገኝ ይገባል። ስለሆነም በዲምቱም ሆነ በሌሎች የወላይታ ዞን ከተሞች ነባር ሕንፃ ያላቸው ወይም የሚያስተዳድሩ ዜጎች ግንባታውን ከማፍረሳቸው ወይም ቅርጹን ከመለወጣቸው አስቀድሞ ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን በአቅራቢያቸው ከሚገኘው የባህልና ቱሪዝም መዋቅር ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።