የሞገድ ርስትና ድንበሩ

በጎጃም ድንበር ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ማሳው የተገፋበት ገበሬ ሽማግሌ ይጠራል፤ ካልሆነም ዳኛ ፊት ይቆማል። በመስኖ በሚለማበት ቀበሌ ደግሞ «የውኃ አባት» የሚባል ሰው አለ፤ ወንዙ አንድ፣ ጠጪው ማሳ ብዙ ነውና ተራ እየደለደለ ያጠጣል። እኔ ዛሬ ላነሣ የምፈልገው ግን በዐይን ስለማይታይ ርስት ነው፤ ስለ ራዲዮ ሞገድ። ይህም ርስት ድንበር አለው፤ ደልዳይም ይሻል።

ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ላይ ቢናገሩ ተቀባዩ ራዲዮ ደባልቆ ያሰማል። ርቀትም ሁልጊዜ አይገላግልም። መካከለኛው ሞገድ ቀን ቀን ምድር ለምድር ሄዶ ይደክማል፤ ሲመሽ ግን ከከባቢ አየሩ የላይኛው ክፍል ነጥሮ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። የቡሬ ገበሬ ከእራት በኋላ ራዲዮኑን ሲከፍት ከአዲስ አበባው ድምፅ ሥር የባዕድ ቋንቋ ቢሰማ፣ ባትሪው ደክሞ ላይሆን ይችላል፤ የሩቅ ጎረቤት ድንበር ተሻግሮበት እንጂ።

ጎጃም የራዲዮን ዋጋ በጦርነት ጊዜ አይቶታል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የመሩት «ተልእኮ 101» ከሱዳን ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ፣ ከካርቱም ጋር የሚያገናኘው የአጭር ሞገድ ራዲዮ ነበር። አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው ገቡ፤ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቀቀ።

የርስቱ ታላቅ ድልድል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታወጀ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 1968 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ፣ የአውሮፓ፣ የእስያና የኦሺኒያ መንግሥታት ጄኔቭ ላይ መካከለኛውን ሞገድ ተካፈሉ። በአንዱ ጣቢያ ሞገድና በተከታዩ መካከል 9 ኪሎ ኸርዝ እንዲኖር ተስማሙ፤ ድልድሉም በኅዳር 1971 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የኢትዮጵያ ራዲዮ ለረጅም ጊዜ የታወቀበትን 873 ኪሎ ኸርዝ ለ9 ቢያካፍሉት 97 ይደርሳል፤ ቀሪ የለውም። የጄኔቭ ገመድ እኛም ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

በኅዳር 1977 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ጄኔቭ የኤፍ ኤም ሞገድ፣ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው፣ ተደለደለ። ኤፍ ኤም እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ አይነጥርም፤ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ተራራ መሰናክሉም ድንበሩም ነው፤ በአንድ ሞገድ ከተራራው ወዲያና ወዲህ ሁለት ጣቢያዎች ሳይነካኩ ሊሠሩ ይችላሉ። የሞባይል ስልክም የቆመው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ማማዎች ሞገድ ይለያያሉ፣ ራቅ ያለው መልሶ ይጠቀምበታል።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ሳይታሰብ ስለሚደርስ መደራረብ ነው። ታስቦበት የሚደረግም አለ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት የማፈን አቅም እየተሞከረ መሆኑን በይፋ ተናገሩ፤ ጣቢያውንም ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አመሳሰሉት። ጣቢያው ክሱን አልተቀበለም። አፈና ማለት በተፈለገው ጣቢያ ሞገድ ላይ ጩኸት መልቀቅ ነው። በዚያ መንገድ ስመላለስ ያነጋገርኋቸው አዛውንቶች ያን ጩኸት ያስታውሱታል፤ መርፌውን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያሉ ድምፁን ሲያሳድዱ ማምሸታቸውንም።

ዛሬ ሞገድ የሚደለድለው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 45 አንዱ አገር የሌላውን ሥርጭት እንዳያውክ ያዛል። ሕጉ አለ፤ ደልዳዩም አለ። ጥያቄው ሌላ ነው። ማሳው የተገፋበት ገበሬ የሚጠራው ሽማግሌ አለው፤ ሞገዱ የታፈነበት አድማጭ ግን ማንን ይጠራል? የውኃ አባት ቦይ መድፈን ከጀመረ የሚደርቀው የባላጋራው ማሳ ብቻ አይደለም፤ ተራውን ጠብቆ የተቀመጠው ገበሬ ሁሉ ማሳ ነው።