ከቁራኛ እስከ ዕቁብ፦ የቤታችን ዕዳ ከየት መጣ?

ባለፈው ጳጉሜን ለመስከረም ዕቁብ ስም ስንመዘግብ ከመካከላችን አንዷ ያነሣችው ነገር እስካሁን አልበረደም። «ዕቁብ ቁጠባ ነው ትሉናላችሁ፤ እኔ ግን ባለፈው ዓመት በመጀመሪያው ወር ወጣልኝና ዓመቱን ሙሉ ስከፍል የኖርኩት ዕዳ ነው» አለች። ያን ጊዜ ሳቅን። ቤታችን ገብተን ደብተራችንን ስንገልጥ ግን እውነቷን ሆኖ አገኘነው። በዚያው ሰሞን ሌላዋ እህታችን ባለቤቷ ለሥራ ባልደረባው ዋስ መሆኑን ያወቀችው ደመወዙ ተቆርጦ ሲመጣ እንደሆነ ነገረችን። ወሩ ደግሞ ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ የዘመን መለወጫው ዶሮና የመስቀል ወጪ ተደራርበው የሚመጡበት ወር ነበር።

ስለዚህ ለዚህ ዕትም ስለ ቤት ዕዳ ጻፉ ስንባል ከበጀት ሠንጠረዥ አልጀመርንም። ከእኛ በፊት የነበሩት ዕዳን እንዴት ይይዙት እንደነበር ማየት መረጥን።

«የአልጋ ቁራኛ» ስንል በሽታ ከአልጋ ጋር ያሰረው ሰው ማለታችን ነው። ቃሉ የመጣው ግን ከሕመም ሳይሆን ከሙግትና ከዕዳ ነው። ባለዕዳ መክፈል ሲያቅተው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር፤ አንዱ እጅ የተበዳሪው፣ ሌላው እጅ የአበዳሪው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ ተቆራኝተው በመንገድ የሚሄዱ ሰዎችን ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንስተዋል። አበዳሪው ራሱ አብሮ መታሰሩ ሁልጊዜ ይገርመናል። ገንዘቡ እስኪመለስለት እሱም ሥራ ፈትቶ ይውላል። ከዚህ የሚያላቅቀው አንድ ነገር ቢኖር ዋስ ነው። ሰው በሰው ይታሰራል፣ በሰው ይፈታል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

አራጣን በተመለከተ ሃይማኖቱም ሕጉም ያወገዘው ከጥንት ነው። ፍትሐ ነገሥት በወለድ ማበደርን ይከለክላል፤ በእስልምናም ክልክል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ወለድን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ወሰን አበጀለት። ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከ100 ብር 12 ብር የሚበልጥ ወለድ ሊዋዋሉ አይችሉም አለ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም ያለ ጽሑፍ፣ ወይም ያለ እምነትና መሐላ በፍርድ ቤት ሊረጋገጥ አይችልም አለ። የ1996 የወንጀል ሕግ ደግሞ የሰውን ችግር ተጠቅሞ በአራጣ ማበደርን ወንጀል አድርጎታል።

ይህ ሁሉ ሕግ እያለም አራጣ በሰፈራችን አለ። በወር 10 በመቶ የሚያበድር ሰው ዘንድ 10,000 ብር የወሰደች ሴት በየወሩ 1,000 ብር ታስረክባለች። በዓመቱ 12,000 ብር ከፍላ ዋናው 10,000 እንዳለ ይጠብቃታል። በሕጉ ወሰን ቢሆን ኖሮ የዓመቱ ወለድ 1,200 ብር ብቻ ነበር። ሕጉ ለዓመት የፈቀደውን እሷ በ36 ቀን ከፍላ ጨርሳለች ማለት ነው። የሒሳብ ሥራ ለምንሠራው እንኳ ይህን በወረቀት ላይ ስናየው ያመናል።

ለመሆኑ ቤተሰብ ምን ሊያደርግበት ነበር የሚበደረው? ቀድሞ ትልቁ ዕዳ የድግስ ዕዳ ነበር፤ ሠርግና ተዝካር። ለሟች ነፍስ ሰንጋ አርዶ ጠላ ጠምቆ አገር ማብላት የቀሪዎቹን ጎተራ ያራቁት ነበር። ዕድር በከተማ እየተስፋፋ ሲሄድ ድንኳኑን፣ ሣጥኑን፣ የለቀስተኛውን ንፍሮና እንጀራ በጋራ በመሸከሙ ከዚህ ዕዳ ብዙ ቤት አድኗል። ስለ ዕድር ሲነገር ሐዘን ማጽናናቱ ብቻ ይወሳል። እኛ የዕዳ መከላከያነቱም ሊጻፍለት ይገባል እንላለን። በገጠር የጭሰኛው ዕዳ ሌላ ታሪክ ነው። የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ጭሰኛው ለባለ መሬቱ የነበረበትን ግብርና ዕዳ በአንድ ቀን ሰርዞታል። 

በከተማ የነበረው የዱቤ ደብተር ነው። ከአረብ ሱቅ ጀምሮ እስከ ዛሬው የሰፈር ባለሱቅ ድረስ ስኳሩም ዘይቱም ሳሙናውም በደብተር ይወሰዳል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይከፈላል። ደብተሩ ያለው ግን ባለሱቁ ዘንድ ነው። ልጅ ተልኮ ያመጣው ሁሉ እዚያ ይጻፋል፤ እኛ ዘንድ አይጻፍም። ወር ሲያልቅ ድምሩ የሚያስደነግጠን ባለሱቁ ስላታለለን ሳይሆን የራሳችን ደብተር ስለሌለን ነው።

ባንክ የመጣው በ1898 ዓ.ም. ነው። አቢሲኒያ ባንክን ምኒልክ መረቁት። ለቤት እመቤት ግን ለረጅም ጊዜ የሚከፈት በር አልነበረም። ማስያዣ ጠያቂ ነውና ቤትና መሬት በስሟ የሌላት ሴት ምን ልታስይዝ! ለደመወዝተኛው በ1950ዎቹ አጋማሽ የቁጠባና ብድር ማኅበር መጣለት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ማኅበር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1988 ዓ.ም. የማይክሮፋይናንስ አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ማስያዣ የሌላቸው ሴቶች በቡድን ተዋውሰው መበደር ቻሉ። አንዷ ካልከፈለች ሌሎቹ ይከፍላሉ። ቁራኛ ብረቱ ወልቆ በፊርማ ተተካ ቢባል የሚያጋንን አይመስለንም።

አሁን ወደ ዕቁብ። ቃሉ «ጠበቀ» ከሚለው ከግዕዙ «ዐቀበ» የመጣ ነው፤ የተጠበቀ ማለት ነው። ዕቁብ ከተማን የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። እህል በዓመት አንዴ በሚገባበት ቤት በየሳምንቱ የሚጣል ገንዘብ ከየት ይመጣል? ጥሬ ገንዘብ በየቀኑና በየወሩ እጅ የሚገባው ለነጋዴና ለደመወዝተኛ ነው። በአዲስ አበባ ዕቁብን በማስፋፋት በኩል የጉራጌ ነጋዴዎች ስም ቀድሞ ይነሣል፤ ብዙ ሱቅ ያለ ባንክ ብድር የተከፈተው በዕቁብ ነው። የዕቁብ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዕጣ የወጣላት ዋስ ካላመጣች ገንዘቡን አትወስድም። እንግዲህ ዋስ እንደገና መጣ። ቁጠባ ብቻ ቢሆን ኖሮ የራሷን ገንዘብ ለምትወስድ ሴት ዋስ ምን ያደርግላታል?

አስራ ሁለት ሆነን በወር 2,000 ብር ብንጥል አንድ ዕጣ 24,000 ይሆናል። በመጀመሪያው ወር የበላች 2,000 ጥላ 24,000 ወስዳለች፤ 22,000 ብር ዕዳ አለባት። በስድስተኛው ወር የበላች ግማሹ የራሷ፣ ግማሹ ብድር ነው። የመጨረሻዋ ሁላችንንም ያበደረች ናት፤ ያውም ያለ ወለድ። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዕቁብ የበሉ እህቶቻችን ገንዘቡ ሙሉ ደርሷቸው ዕቃው ግን አልደረሳቸውም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ተራዋ ነሐሴ ላይ የነበረች አባላችን ልትገዛው ያሰበችውን ማቀዝቀዣ ትታ ተመለሰች።

እንግዲህ ለዚያች በአራጣ ለተያዘችው ሴት ሒሳቡን እንሥራላት። የ12 ሰው፣ የ1,000 ብር ዕቁብ ገባች እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ ቢሰጣት 12,000 ብር ወስዳ 10,000 ዋናውንና የወሩን 1,000 ወለድ ከፍላ 1,000 ይተርፋታል። ከዚያ በኋላ ለ11 ወር የምትጥለው 1,000 ብር ያው ለአራጣ ስትሰጥ የነበረው 1,000 ነው። ከቤቱ ወጪ አንድ ብር አልጨመረም፤ በዓመቱ ግን ነጻ ናት። ዕጣው በመጨረሻው ወር ቢወጣላትስ? 12,000 ለአራጣ፣ 12,000 ለዕቁብ ስትከፍል ከርማ በመጨረሻ ዕዳዋን ዘግታ 2,000 ብር ይዛ ትቀራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 11,000 ብር ነው። ያንን የሚወስነው በሣጥን ውስጥ ያለ ቁራጭ ወረቀት ነው። ቸግሯት ዕጣ የምትገዛም አለች፤ የወጣላት ከድምሩ ቀንሳ ትሸጥላታለች። ያ ቅናሽ ስሙ ባይጠራም ወለድ ነው።

የትዳር ሕጉንም ሳናነሣ አናልፍም። የ1952ቱ ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የምንመራበት፣ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት እኩል እንዲያስተዳድሩ አደረገ። አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር ዛሬ አንድ ዘንቢል አይሞላም፤ ስለዚህ በሕጉ መሠረት ሳይነጋገሩ የሚበደሩት ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ዕዳ ነው። እህታችን ይህን ስትሰማ «ታዲያ ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ዛሬ ደግሞ ብድር በስልክ ሆኗል። ዋስ የለው፣ ምስክር የለው፣ ጎረቤት አያየው። ሌሊት አልጋ ላይ ሆኖ በጣት ይወሰዳል፤ ሲከፈልም በዝምታ ይቆረጣል። የጥንቱን ሰንሰለት የሚናፍቅ የለም። ነገር ግን ቁራኛም፣ ዕቁብም፣ የቡድን ብድርም ሰው የሚያውቀው ዕዳ ነበር፤ ይህኛው ከአጠገቡ የተኛ እንኳ የማያውቀው ነው።

እኛ ከመስከረም ወዲህ በየቤታችን ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምረናል፤ ያለብን፣ ያለን፣ ዋስ የሆንበት። ሦስተኛው በማንኛችንም ደብተር ላይ አልነበረም። የዱቤውንም ቅዳሜ ማታ ቡና ሲፈላ ልጆቹ እየጠሩልን ከባለሱቁ ደብተር እንገለብጣለን፤ በሥራ ቀን ጊዜ የለንምና። ዕቁቡ ውስጥ ተራዋ ያልደረሰ «ያለን» በሚለው፣ የበላች «ያለብን» በሚለው ሥር ትጽፋለች።

ያልተስማማንበት የዕጣው ነገር ነው። ግማሾቻችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዕጣዎች ያለ ሣጥን በአራጣ ለተያዙ ይሰጡ እንላለን። ከሁላችን የሚበልጡት እትዬ ግን አልተቀበሉም። «ዕጣ የእግዜር ነው፤ ደግሞስ የእኔ ገንዘብ ነሐሴ ላይ ምን ሊገዛ ነው?» አሉ። ዕዳዋን በሰው ፊት አውጥታ ልትናገር የማትፈልግም እንዳለች አስታወሱን፤ እሱም እውነት ነው። አንዷ አባላችን ቀድማ የምትበላ በየወሩ ጥቂት ብር ጨምራ ለመጨረሻዋ እንድታካክስ ሐሳብ አቀረበች። ሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ ይህ ጭማሪ ወለድ እንዳይሆን መጀመሪያ ጠይቀን እንምጣ አሉ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ሆኖ ተይዟል፤ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።