የስኳር ሕመም ያለባቸውን አረጋዊ ወላጅ በቤት ውስጥ መንከባከብ

የስኳር ሕመም ያለባቸውን እናት ወይም አባት የሚንከባከቡ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳስብዎ የስኳሩ መጨመር ይሆናል። ነገር ግን ዕድሜያቸው ለገፋ፣ በተለይም ኢንሱሊን ለሚወጉ ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን እንክብል ለሚወስዱ ሰዎች፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል የሚችለው የስኳር ከመጠን በላይ መውረድ ነው። ስለዚህ ዓላማችን ቁጥሩን የቻልነውን ያህል ዝቅ ማድረግ ሳይሆን፣ ብዙ ሳይወጣና ሳይወርድ እንዲረጋ ማድረግ ነው።

አረጋውያን ለምን ይበልጥ ይጋለጣሉ?

ዕድሜ ሲጨምር ኩላሊት ይደክማል፤ መድኃኒቱም በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። መርፌ መወጋታቸውን ረስተው ደግመው የሚወጉም አሉ። በተጨማሪም ስኳር ሲወርድ የሚታየው ላብና መንቀጥቀጥ በአረጋውያን ላይ ላይታይ ይችላል። በምትኩ ግራ መጋባት፣ መነጫነጭ፣ የንግግር መተሳሰር፣ መንገዳገድ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ይታያል። ቤተሰብ ይህን «እርጅና ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ድንገት የመጣ የጠባይ ለውጥ ካዩ መጀመሪያ ስኳራቸውን ይለኩ።

የስኳሩ መጠን ስንት ቢሆን ይመረጣል?

ሌላ ከባድ ሕመም ለሌለባቸው አረጋውያን የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ (ኤ ዋን ሲ) ከ7 እስከ 7.5 በመቶ በታች ቢሆን ይመከራል። ብዙ ተጓዳኝ ሕመም ወይም የመርሳት ችግር ላለባቸው ግን ከ8 በመቶ በታች መሆኑ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ከምግብ በፊት በቤት ሲለካም ከ90 እስከ 150 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር መሆኑ ተቀባይነት አለው። ለእርስዎ ወላጅ የሚስማማውን ቁጥር ሐኪማቸውን ጠይቀው ይጻፉት።

ኢንሱሊን ሲሰጡ

• ሁልጊዜ ከመውጋትዎ በፊት ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ አይውጉ፤ መጀመሪያ የወረደውን ስኳር ያስተካክሉ።
• ምግቡ መድረሱን ያረጋግጡ። መደበኛውና ድብልቁ ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ይሰጣል።
• ደመናማውን ኢንሱሊን በሁለት መዳፍዎ መካከል በቀስታ ያንከባልሉት እንጂ አይናጡት። ንጹሑ ኢንሱሊን ከደፈረሰ አይጠቀሙበት።
• ባለ 100 ዩኒት ኢንሱሊን በባለ 100 ዩኒት የኢንሱሊን ሲሪንጅ ብቻ ይቅዱ።
• የሚወጉበትን ቦታ (ሆድ፣ ጭን) ይቀያይሩ።
• ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ልኬቱን፣ ስንት ዩኒት እንደተሰጠና ማን እንደሰጠ በደብተር ይመዝግቡ። መወጋታቸውን ካላወቁ ደግመው አይውጉ፤ ስኳሩን ለክተው ሐኪም ያማክሩ።
• ያልተከፈተውን በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያስቀምጡ፤ በረዶ እንዳይሠራ ይጠንቀቁ። ማቀዝቀዣ ከሌለ በእርጥብ አሸዋ መካከል የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ይረዳል። የተከፈተው ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ ለ4 ሳምንት ያህል ያገለግላል።

ስኳር ሲወርድ (ከ70 በታች)

1. ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው። ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርም ይሆናል። ስኳር የሌለው ለስላሳ አይጠቅምም።
2. ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙት።
3. ሲሻላቸው እንጀራ ወይም ዳቦ ያብሏቸው።

መለኪያ ከሌለዎትና ከጠረጠሩ ሳይዘገዩ ስኳር ይስጡ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በጎናቸው አስተኝተው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ከሆነ ቢሻላቸውም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

ጾም፣ መጠጥና የባህል መድኃኒት

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ወይም ረመዳንን የሚይዙ ወላጆች ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ የንስሐ አባታቸው ወይም የመስጊዱ ኢማም ቢነግሯቸው ይበልጥ ይቀበሉታል። በጾም ላይ ሳሉ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ መቋረጥ አለበት። ጠላና አረቄ በባዶ ሆድ ስኳርን ያወርዳሉ። አብሽም ስኳርን ሊቀንስ ስለሚችል ለሐኪም ይንገሩ፤ የመድኃኒት ምትክ ግን አይደለም።

እግራቸውን በየቀኑ ይመልከቱ

ማታ ማታ በጣቶች መካከልና ከእግር በታች ቁስል መኖሩን ይፈትሹ። የእግር ስሜት ስለሚቀንስ በእሳት ዳር ወይም በፍል ውሃ አያሙቁ፤ ሳይታወቃቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ?

• ስኳሩ በተደጋጋሚ ከ300 በላይ ከሆነ
• ካስመለሳቸው፣ በፍጥነት ከተነፈሱ ወይም ከደነዘዙ
• እግራቸው ላይ ቁስል ካለ
• በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከ70 በታች ከወረደ

ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ሲይዛቸው፣ ስላልበሉ ብቻ ኢንሱሊኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ ደብተሩን ይዘው ይምጡ። የመድኃኒቱ መጠን መቀነስ እንዳለበት ለማየት ከሁሉ በላይ የሚረዳን እሱ ነው።