ቤዙ የሚያጉረመርመው ለምንድን ነው? ሌላ ሳብዉፈር ከመግዛታችሁ በፊት ሳሎኑን እዩት

ቤት ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ስለ ቤዝ ሁለት ዓይነት ቅሬታ አለው። አንዱ «ቤዙ ጠፋብኝ» ይላል፤ ሌላው «ያጉረመርማል፣ ዘፈኑን ዋጠው» ይላል። የሚገርመው፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ ስፒከር እየሰሙ፣ የተለያየ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። መፍትሄ ተብሎ የሚወሰደው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ተለቅ ያለ ሳብዉፈር መግዛት። ገንዘቡ ይወጣል፣ ጉርምርምታው ይብሳል፣ ጎረቤት ይቆጣል።

ዕቃው ምንም ላይሆን ይችላል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ክፍሉ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሽቦውን እዩ፣ ምንም አያስወጣም። በአንዱ ስፒከር ላይ ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ ከገባ፣ አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ቤዙም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። «ቤዝ የለውም» ተብሎ የሚሸጥ ስንት ደህና ስፒከር ጥፋቱ ይቺ ብቻ ትሆን ይሆናል።

አሁን ወደ ክፍሉ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የቀጭን ድምፅ ሞገድ አጭር ነው፣ የቤዝ ግን በጣም ረጅም ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በባዶው ሲመታ 41 ሄርዝ ገደማ ይሰጣል፤ የዚህ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። 4 በ5 የሆነ ሳሎን ውስጥ ይህ ሞገድ ከክፍሉ ራሱ ይረዝማል ማለት ነው። ግድግዳ መትቶ ይመለስና ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። አንዳንድ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጠፋፋል። የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ደግሞ ቤዝን ብዙም አይውጥም፣ መልሶ ይወረውረዋል። የአቡጀዲ ኮርኒስ ያላቸው የድሮ ቤቶች እዚህ ላይ ይሻላሉ፤ ቤዙ በጨርቁ አልፎ ወደ ጣሪያው ስለሚወጣ ክፍሉ ውስጥ ታፍኖ አይቀርም።

የትኛው ኖታ እንደሚያስቸግራችሁ ለማወቅ ሜትር አውጡና ክፍሉን ለኩት። 172ን ለእያንዳንዱ ልኬት አካፍሉት። 5 ሜትር ከሆነ 34 ሄርዝ፣ 4 ሜትር ከሆነ 43፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.6 ከሆነ 66 ይመጣል። እጥፎቻቸውም አሉ፦ 69፣ 86 እያለ ይቀጥላል። ክፍሉ በእነዚህ ላይ ያለልክ ያገሳል፤ ሌላው ኖታ ግን እንደነበረው ይቀራል። አንዱ ኖታ ጮሆ ቀጣዩ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ክፍል ነው፤ ርዝመቱና ወርዱ አንድ ቁጥር ስለሚሰጡ ችግሩ እዚያው ላይ ይደራረባል።

አሁን የሶፋችንን ነገር እናንሳ። እኛ ሶፋ የምንደረድረው ግድግዳ ተከትለን ነው። የቤዝ ግፊት ደግሞ ትልቁ ግድግዳው ጋ ነው፣ ጥግ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የኤል ሼፕ ሶፋ ጥግ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ጉርምርምታውን ሁሉ ይቀበላል። ክፍሉ መሀል ላይ ወንበር ያደረገው ደግሞ የታችኛው ቤዝ ይጠፋበታል፣ ምክንያቱም የዋናው ሞገድ ባዶ ቦታ መሀል ላይ ነው። የሚሻለው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ሶፋውን ከኋላው ግድግዳ 50 ሴንቲ ሜትር እንኳ አውጥታችሁ አዳምጡ። ከተቻለም የክፍሉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል ራቁ። ቤተሰቡ «ሳሎኑ ተበላሸ» ማለቱ አይቀርም፤ ለማዳመጫ ሰዓት ብቻ ወደ ፊት ሳብ ማድረግም ይቻላል።

ሳብዉፈር ካላችሁ ደግሞ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ሳብዉፈሩን ሁልጊዜ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ፣ ሶፋው ላይ አድርጉት። ቤዙ ወደ ላይ ወደ ታች የሚመላለስ ዘፈን ደጋግማችሁ ክፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጆሯችሁን ወደ ወለሉ አስጠግታችሁ፣ በግድግዳው ዙሪያ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ ስትደርሱ ምልክት አድርጉ፤ የሳብዉፈሩ ቦታ እሱ ነው። ድምፅ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ወዲያም ወዲህም አንድ ዓይነት ስለሚጓዝ ነው የሚሰራው። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ይስቅባችኋል፣ ግን ሞክሩት። ቡፌ ውስጥ ዘግታችሁ ግን አታስቀምጡት። መቁረጫውን 80 ሄርዝ አካባቢ ጀምሩ፤ ከኋላው ያለችውን 0 እና 180 የምትል ማብሪያ ቀያይሩና ከመቀመጫችሁ ቤዙ ሞላ ብሎ የሚሰማበትን ምረጡ።

የእንቁላል ካርቶን ነገር ደግሞ ይብቃ። ግድግዳ ላይ መለጠፉ ለቤዝ ምንም አያደርግም። ምንጣፍ፣ መጋረጃና ስስ ስፖንጅም እንደዚያው፤ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣሉ፣ ቤዙን አይነኩትም። እንዲያውም ክፍሉን በእነዚህ ከሞላችሁት ቀጭኑ ድምፅ ይሞትና ጉርምርምታው ብቻውን ይቀራል። ቤዝ የሚውጥ ነገር ወፍራም መሆን አለበት፦ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ጥጥ ወይም ሮክ ዉል፣ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ጥግ ላይ የሚቆም። ስትሰሩት ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ ቆዳና ጉሮሮ ያሳክካል። ቦታ ይበላል፣ መልኩም አያምርም። ያም ሆኖ በጣም ዝቅተኛዎቹን ድምፆች ጠቅልሎ አይውጥም፤ ከሶፋና ከስፒከር ማንቀሳቀስ በኋላ የሚመጣ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም።

ኢኳላይዘርስ? ያለልክ የሚጮኸውን ኖታ ለመቀነስ ጥሩ ነው። የጠፋውን ለመጨመር ግን አትልፉ። ሞገዱ እየተጠፋፋ ያለበት ቦታ ላይ ብትጨምሩ የሚጠፋፋውም አብሮ ይጨምራል። 10 ዲሲቤል መጨመር አምፕሊፋየሩን አስር እጥፍ ኃይል ነው የሚጠይቀው፤ የምታቃጥሉት ስፒከሩን ነው። መለካት የሚፈልግ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ በነጻ ይገኛል። የስልክ ማይክ ግን ለታችኛው ቤዝ እምነት አይጣልበትም፤ የመለኪያ ማይክ ያስፈልጋል።

አንዳንዴ ደግሞ «ስፒከሩ ተቀደደ» የሚያሰኘው ድምፅ የቡፌው መስታወት ወይም ብርጭቆዎቹ ናቸው። ከ30 እስከ 100 ሄርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ የሙከራ ድምፅ በስልክ ክፈቱና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ የሚንቀጠቀጠውን ዕቃ በእጃችሁ ያዝ እያደረጋችሁ ፈልጉ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ከሳብዉፈሩ ሥር ጎማ ወይም ወፍራም ስፖንጅ ማድረግ በወለሉ በኩል ወደ ታች የሚወርደውን ንዝረት ይቀንሳል። በአየር የሚሄደውን ቤዝ ግን አያቆመውም፤ ዘፋኙ ግድግዳው ላይ ሲቀር ቤዙ ወደ ጎረቤት ይዘልቃል። የእናንተን ሳሎን የሚያስጮኸው ያ አንዱ ኖታ ነው ብዙ ጊዜ ጎረቤትንም እንቅልፍ የሚነሳው። እሱን በቦታ ለውጥ ወይም በኢኳላይዘር ስትቀንሱት ድምፁን ሳታስጮሁ ቤዙ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ሳብዉፈሩን ማጥፋት ነው፤ ለዚያ ሰዓት ጆሮ ማዳመጫ አለ።