ቤንዚንና አየር በወላይታ ዳገት ላይ

በጭነት ከብት ዘመን ወደ ወላይታ የሚጓዝ ነጋዴ የሚያስጨንቀው የበቅሎው ሰኮናና የመንገዱ ሣር ነበረ። ሞተር ከመጣ ወዲህ ግን ጭንቀቱ መልኩን ለወጠ። ሞተር በዳገትም ሆነ በቍልቍለት ሁለት ነገሮችን በልክ ይሻል፤ እነርሱም ቤንዚንና አየር ናቸው። ቤንዚኑን መካኒኮች ሰልባትዮ ከሚሉት ማጠራቀሚያ ስቦ የሚያመጣው ፖምፓ፣ ከአየር ጋር የሚያዋሕደው ደግሞ ካርቡራተር ይባላል። ይህ ነገር የመካኒክ ብቻ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንደ ወላይታ ደጋና ቆላው በተቀራረበ አገር የመንገድና የገበያ፣ አንዳንድ ጊዜም የሕይወት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ታሪኩንና አመራረጡን ባጭሩ ለመግለጽ ተነሥተናል።

ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ ወደ አየር የሚረጨውን ካርቡራተር ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ሠራ። ብዙ ዘመንም ሳይቈይ፣ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ዳገቱን አልፎ፣ አንድ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ የወጣ ሞተር፣ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ጉልበቱም አብሮ እንደሚቀንስ በተግባር ማሳየቱ አይቀርም።

በዚያ ዘመን በብዙ መኪናዎች ዘንድ ቤንዚን ወደ ካርቡራተር የሚወርደው በራሱ ክብደት እንደ ምንጭ ውሃ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1927 የተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ ሰልባትዮ ከመቀመጫው ሥር ነበረ፤ ቤንዚኑ ሲያንስና ዳገቱ ሲበረታ ወደ ሞተሩ መውረዱን ያቆማል። ስለዚህ ነጂው መኪናውን አዙሮ ዳገቱን በኋላ ማርሽ ይወጣ ነበር።

ይህን ችግር ያቃለለው በሞተሩ ጉልበት የሚሠራው ፖምፓ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ሲዞር አንድ ክንድ ይገፋል፤ ክንዱ ስስ ሽፋን ወደ ታች ስቦ ቤንዚን ያስገባል፤ ከዚያም ሞላ ሽፋኑን መልሶ እየገፋ ቤንዚኑን ወደ ካርቡራተር ይልካል። በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ፣ ጕድጓዱ ሲሞላ መርፌውን ይዘጋል፤ ፖምፓውም መርፌው እስኪከፈት ድረስ ይታገሣል። እንግዲህ የግፊቱን ልክ የሚወስነው የሞላው ጥንካሬ እንጂ የሞተሩ ፍጥነት አይደለም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው የጠላት ወረራ ጊዜ ብዙ የኢጣልያ መኪናዎች አገራችን ገቡ፤ ካንዴላንና ሰልባትዮን የመሳሰሉ የሞያ ቃላትም ከኢጣልያ ቋንቋ ወደ እኛ ገቡ። ከነጻነት በኋላ ላንድ ሮቨር፣ ፎልክስዋገንና ፊያት 600 መጡ። ብዙዎቹም በካርቡራተርና በሞተሩ በሚሠራ ፖምፓ የሚሄዱ ነበሩ።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሻሸመኔ፣ የሆሳዕና፣ የአርባ ምንጭና የዳውሮ መንገዶችም በርሷ ይገናኛሉ። የአባያ ሐይቅ ግን ወደ 1,200 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ 800 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ይወጣል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋዱ በሚል አጭር ስም የታወቀው የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ገበሬዎችን ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ባሰፈረ ጊዜ፣ በደጋና በቆላ መካከል መመላለስ የግድ ሆነ። ማዳበሪያ በጊዜው ካልደረሰ የዝናቡ ወራት ያልፋል፤ በሽተኛም ዳገት ላይ በቆመ መኪና ሐኪም ቤት አይደርስም።

በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ወለል ካለው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር በሶዶ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቍራል፤ ጉልበቱም ይደክማል። መድኃኒቱ የቤንዚኑን ቀዳዳ በልኩ ማጥበብ ነው። ለብርቱ ሞተር ካርቡራተር የሚመርጥ ሰው «ትልቁ ይሻላል» የሚለውን ፈተና ይጠንቀቅ። ጕሮሮው እጅግ ሰፊ ከሆነ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ዳገት በሚወጣበት ጊዜ አየሩ ዝግ ብሎ ስለሚያልፍ ቤንዚኑን አሳምሮ መበተን ይሳነዋል። የሜዳ ላይ እሽቅድምድም የሚሻውና የሶዶ ዳገት የሚሻው አንድ አይደሉም።

በፖምፓ ምርጫም መጠንንና ግፊትን መለየት ይገባል። የ100 ፈረስ ጉልበት ሞተር ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት 30 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል፤ ፖምፓው ከዚህ ጥቂት ትርፍ ማድረስ መቻል አለበት። ግፊቱ ግን ካርቡራተሩ ከሚችለው ቢበልጥ መርፌው ተሸንፎ ቤንዚኑ ይፈስሳል፤ በጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቤንዚንም እሳት ይጠራል። ሽፋኑ ያረጀ ፖምፓ ደግሞ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ዘይት ሊያወርድ ይችላል፤ የቀጠነ ዘይትም ብረትን ከመበላት አያድንም። ከቆላ ጋል ብሎ ወደ ደጋ በሚወጣ መኪና ላይ ሌላ ችግር ይታከላል። ከፍታው ሲጨምር ቤንዚን በትንሽ ሙቀት ይተናል፤ ፖምፓውም ፈሳሽ በመሳብ ፈንታ እንፋሎት ይስባል። ነጂዎች በፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማኖራቸው ስለዚህ ነው። የሚሻለው ግን ቧንቧውን ከጢስ መውጫው ማራቅ፣ አለዚያም በሰልባትዮው አጠገብ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ግፊቱ በልክ የሆነ ፖምፓ ማግባት ነው።

ዛሬ አዲስ መኪና ሁሉ ካርቡራተርን ትቷል። መንግሥታችንም በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ይሁን እንጂ አሮጌዎቹ መኪናዎች፣ እንዲሁም ብዙዎቹ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ገና በካርቡራተር ይሄዳሉ። ይህን ሞያ በእጃቸው የያዙት አንጋፋ መካኒኮች ግን ዕውቀታቸውን በወረቀት አላሰፈሩትም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ጋራዦቹ ወርደው ይህን ጥበብ ቢጽፉ፣ ለነገው መሐንዲስ የሚተርፍ ትምህርት ይሆናል፤ ይኸውም መሣሪያ በስሙ ትልቅነት ሳይሆን ለሚሠራበት ምድር በመስማማቱ መመረጥ አለበት የሚለው ነው። ሞተሩ በኤሌክትሪክ ቢተካም ዳገቱ በቦታው አለና፣ ምርጫው ነገም ይጠብቀናል።