እንግዳው ዓሣ፦ ከቻይና ሸክላ እስከ ሐርጌሳ በርካድ

የወርቅ ዓሣ ታሪክ የሚጀምረው በቻይና ኩሬዎች ነው። ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. 960–1279) አንሥቶ በመኳንንቱ አጸድና በገዳማት ኩሬዎች ቀላና ወርቃማ ቀለም ያላቸው ዓሦች እየተመረጡ ይረቡ ነበር። መኖሪያቸው ደጅ ነው፤ እንግዳ በመጣ ጊዜ ግን ጥቂቶቹ በሸክላ ዕቃ ተጨልፈው ወደ ቤት ይገቡና ታይተው ወደ ኩሬያቸው ይመለሱ እንደነበር ይተረካል። በቤት ውስጥ ማኖር የተስፋፋው በሚንግ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1368–1644) ነው። ዓሣው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1853 የለንደን የአራዊት ማኖሪያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በዓመቱም ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ ተለመደ።

ይህ የሳሎን ደስታ አንድ ነገር ይሻል፤ እርሱም የማይጓደል ውኃ ነው። ውኃ በጋሪና በቦቴ እየተገዛ በሚጠጣበት አገር ግን በቤት ውኃ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። ለዚህ የሐርጌሳና የአካባቢዋ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

ሐርጌሳ ከበርበራ ተረክባ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ መናገሻ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ በመካከሏ የሚያልፈው ሸለቆ ውኃ የሚያየው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ከሚገኘው ከጌድ ዴብሌ የጉድጓድ ውኃ የሚያመጣው መስመር በቻይና እርዳታ ተዘረጋ። እነሆ፣ የወርቅ ዓሣን ለዓለም ያበረከተችው አገር ለሐርጌሳ ያመጣችው ውኃውን ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1988 በተነሣው ጦርነት ከተማዋ በቦምብ ፈረሰች፤ የውኃ መስመሩም ከጉዳቱ አልተረፈም፤ ነዋሪዎቿም በብዙ ሺህ እየሆኑ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሐርታ ሼኽ ተሰደዱ። ከጦርነቱ በኋላ መስመሩ ቢጠገንም የሕዝቡ ቁጥር ከውኃው ቀድሞ አደገ። ስለዚህ በርሜልና የውኃ ማጠራቀሚያ ከቤት ዕቃ ሁሉ ዋነኛው ሆኖ ቆየ።

ከከተማ ውጭ ደግሞ በርካድ አለ። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ብርካ ይባላል፤ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ በሐውድ ሜዳ እየበዛ ሲሄድ ከብቱና ሰው በበጋ ውኃ አገኘ። ነገር ግን የቆመ ውኃ ለወባ ትንኝም ቤት ሆነ፤ በደረቅ ምድር ላይ እንቁላሏን የምትጥልበት ስፍራ በሰው እጅ ተሠራላት።

መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ዓሣ ነበር። የትንኝ እጭ የሚያድገው በውኃ ውስጥ ሆኖ አየር የሚስበው ከውኃው ገጽ ነው፤ ስለዚህ ከትንሽ ዓሣ አፍ ማምለጥ ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የወጣ ጥናት፣ ከቆሮሶ ወገን የሆነ ዓሣ በሰሜን ሶማሊያ ውኃ ማጠራቀሚያዎች ተጨምሮ ወባን ለመቀነስ የተደረገውን ሙከራ ይዘግባል። በኢትዮጵያም በኩል ፍሌቸር፣ አዋሽ ተክለሃይማኖትና ባልደረባቸው በአሰብ ወደብ በአገሩ ተወላጅ ትንሽ ዓሣ ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1992 አሳትመዋል። ዓሣው ሳሎን አላስጌጠም፤ የቤተሰቡን የመጠጥ ውኃ ጠበቀ እንጂ።

ሆኖም በርካድ ይደርቃል፤ ዓሣውም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ለዘር የሚሆኑ ጥቂቶች ዝናብ እስኪመለስ በሌላ ውኃ መሰንበት አለባቸው። ይህ ጊዜያዊ ማኖር ከወርቅ ዓሣ አያያዝ ብዙም አይለይም። ክሎሪን የተጨመረበት ውኃ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላልና ከመግባታቸው በፊት ክሎሪኑ መውጣት አለበት። ዕቃው አፉ ሰፊ ቢሆን አየር ይገባዋል፤ በጥላ ሥር ቢቀመጥ ውኃው አይግልም። ምግብ ሲበዛ የተረፈው ይበሰብሳል፤ ከዓሣው ኩስ ጋር ተዳምሮም አሞኒያ የተባለውን መርዝ ያመነጫል። በመሆኑም ጥቂት ማብላትና ከውኃው ከፊሉን ብቻ በየጊዜው መለወጥ ይበጃል። ከሁሉ በላይ ግን ባዕድ ዓሣን ወደ ወንዝና ሐይቅ መልቀቅ አይገባም። የወርቅ ዓሣ ራሱ ከገንዳ ወጥቶ በብዙ አገር ሐይቆች ጠንቅ ሆኗል።

የድሮው ሙከራ ዛሬ እንደገና የሚታሰብበት ምክንያት አለ። ከእስያ የመጣችውና በበርሜልና በማጠራቀሚያ መራባት የምትወድደው ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሃር፣ በ2019 በሶማሊያ ተገኝታለች። በጅቡቲ በ2012 ሃያ ሰባት ብቻ የነበሩት የወባ ሕሙማን በ2020 ከ70,000 በላይ ሆነዋል፤ በ2022 ደግሞ ድሬዳዋ በወረርሽኝ ተመታች። ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው የሚለው አሮጌ እምነት በከተማ በርሜል ላይ ተሰበረ።

ዓሣ ብቻውን ይህን ያሸንፋል ማለት አይደለም። የኮክሬን ገምጋሚዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2017 ያወጧቸው ምርመራዎች ዓሣ እጭን ሊቀንስ እንደሚችል እንጂ የሕሙማንን ቁጥር ለመቀነሱ አስተማማኝ ማስረጃ አለመገኘቱን ያስገነዝባሉ። በርሜልን መክደን፣ አጎበርና ሕክምና ቦታቸውን አይለቁም።

የቻይናው መኳንንት ዓሣውን ወደ ቤት ያስገባው ለእንግዳው ክብር ሲል ነበር። በበርካድ አገር ግን እንግዳው ራሱ ዓሣው ነው፤ ውኃ እስካለ ድረስ ይሰነብታል፣ ስንቁንም ከውኃው ጠላት ላይ ይለቅማል። የሚያስተናግደው ቤተሰብ ከዕለት ውኃው ቀንሶ ነውና የሚያኖረው፣ የዓሣው ዕድሜ የሚለካው በዚያ ቤት ውኃ ነው።