የደጋ ልጅ ፊደል ሲቆጥር፦ ከቦሩ ሜዳ እስከ ኩታበር

ልጅን ቤት ማስተማር ሲባል ብዙ ሰው የሀብታም ነገር ይመስለዋል። ባለቀለም መጽሐፍ፣ አሻንጉሊት፣ ታብሌት። ከደሴ ተነስቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ ኩታበር የሚገባ ሰው የሚያገኘው ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ አገር የአምስት ዓመት ልጅ ያለ ገንዘብ ሲማር ኖሯል። የተቸገረው ገንዘብ ያለው ትምህርት ቤት ይመጣል ተብሎ የቆየው ከተረሳ በኋላ ነው።

የክርስቲያኑ ልጅ ወደ የኔታ ይሄድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ጥድ ወይም ወይራ ጥላ ካለ እዚያው፣ ክፍሉ ይኸው ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 በ7 ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጁ መጀመሪያ ሀ ሁ ሂ እያለ በተርታ ይቆጥራል። በዜማ ሸምድዶ እንዳያታልል ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተበውዞ በአቡጊዳ ይፈተናል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌል፣ ዳዊት። ዳዊት ሲጨርስ ወላጅ አቅሙ የፈቀደውን ይደግሳል። ለየኔታ የሚከፈለውም ከማሳው የተገኘ እህል፣ አንዳንዴም ማገዶና ጉልበት ነበር።

የሙስሊሙ ልጅ ቁርአን ቤት ይቀመጣል። መጽሐፉ ለውህ ነው፤ የተጠረበ እንጨት። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱ ትምህርት ይጻፍበታል፣ ሲያዝ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፍበታል። ወረቀት የሚገዛ የለም። በዚህ ፊደል የወሎ ዑለማዎች አማርኛውንም ጽፈውበታል፤ ዐጀሚ የሚባለው ይኸው ነው። መንዙማው እስከ ዛሬ የደረሰልን በከፊል በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ጊዜ ትምህርቱ በእውነት ቤት ውስጥ ገብቷል። በ1870 አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታወጀ። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሸፈቱ፣ ሌሎች ተሰደዱ። የቀረው ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆነ ተባለ። እንዲህ ባለ ቤት ለልጅ ሃይማኖቱን የሚያወርሰው መቼም የአደባባይ መምህር ሊሆን አይችልም። በሩ ከተዘጋ በኋላ እናት ወይም አያት ናት።

ቁጥርም ቢሆን ከቤት አይጠፋም ነበር። መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ በጠጠር ገበጣ የተጫወተ እረኛ መደመርና መቀነስ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ማታ ምድጃ ዳር እንቆቅልህ አለ።

ይህን ሁሉ እያሞገሱ ማለፍ ግን ውሸት ይሆናል። ዱላ ነበረበት። ልጁ የሚያነበው ግእዝ ወይም ዐረብኛ ስለሆነ ያነበበውን አይረዳም። ሴት ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ቀጂ ሆና ትቀራለች። ዋጋውም ቢሆን ነፃ አልነበረም፤ ልጁ የኔታ ዘንድ ሲውል ጥጃውን ማን ይጠብቃል? የድሃ ቤት ክፍያ ይህች ሰዓት ናት።

ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት በባቡር ሐዲዱ ግንባታ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ለፈረንሳውያን ልጆች ተጀመረ፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ከከተማ አልወጣም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለውን ትምህርት ለግል ባለሀብትና ለድርጅቶች ተወው። በደጋ ቀበሌ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት የሚከፍት ባለሀብት የለም። በ2002 ብሔራዊ ማዕቀፍ ሲወጣ ነው ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግቢ መከፈት የጀመረው። አብሮት የመጣው «ልጅ ለልጅ» የሚባለው ዘዴ ከሁሉም ይልቅ ለድሃ አገር የሚስማማ ነበር፦ ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ ተማሪ የሰፈሩን ሕፃናት ሰብስቦ ፊደልና ቁጥር በጨዋታ ያስተምራል። ብዙም ሳይወራለት ቀረ።

አሁን በ2008 ኩታበር የተወለደ ልጅ እናስብ። አራት ዓመት ሲሆነው፣ መጋቢት 2012፣ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በስድስት ዓመቱ፣ ጥቅምት 2014፣ ኩታበር የጦር ሜዳ ሆነች። በ2015 አዲሱ ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ ይኑር አለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክልሉ በሌላ ጦርነት ገባ፣ በአማራ ክልል ሚሊዮኖች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። ለዚህ ልጅ ታናሽ እህት ሁለቱ የፖሊሲ ዓመታት ከወረቀት አልወረዱም።

ለእሷ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ ዕድሜዋን መብላት ነው። የኔታም የቁርአን መምህሩም ከመንደሩ አልጠፉም፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ግን ስማቸው አይገኝም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷ የተቋረጠባት ጎረቤትም አለች። ጠዋት አንድ ሰዓት አምስት ስድስት ሕፃን ሰብስባ ከሰልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዛ ፊደል ብታስቆጥር፣ ወላጆች በምላሹ ለቤቷ እህል ቢሰፍሩ፣ የማይታወቅ ሥርዓት አይደለም። በዚያች ሰዓት የስድስቱንም ቤት ጥጃ በተራ የሚጠብቅ ትልቅ ሰው መመደብ ብቻ ይቀራል።